ከባሕር የመጣው መድኃኒትና የሶማሌ ተራው አባት

መርካቶ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚነግድ አንድ አባት በስልኩ የደረሰውን መልእክት አሳየን። «የባሕር አረም ካንሰርን ያጠፋል» ይላል። የስምንት ዓመት ልጁ በደም ካንሰር ታሞ ኪሞቴራፒ እየወሰደ ነው። ፀጉሩ ረግፏል፤ ምግብም አስጠልቶታል። «እንዲህ ከሚሠቃይ ዱቄቱን ብሞክርለትስ?» ሲል ጠየቀን። የብዙ ወላጆች ጥያቄ ነውና እንመልከተው።

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይገለብጣል። ገልባጮቹ ፖሊመሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን፣ ዲኤንኤውንና የባሕር አረም ጭማቂ በአንድ ላይ ቀላቅለው ቅጂው መቀነሱን ይለካሉ።

ቢቀንስም ገና መድኃኒት ተገኘ አይባልም። ቡናማው የባሕር አረም የታኒን ዓይነት ንጥረ ነገር አለው፤ ታኒን ደግሞ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ይይዛል። በዚያ ላይ ጤነኛው ሴልም ዲኤንኤውን የሚገለብጠው በፖሊመሬዝ ነው። በኪሞቴራፒ ጊዜ ፀጉር የሚረግፈውም፣ ቶሎ ቶሎ የሚከፈሉት የፀጉር ሥር ሴሎች አብረው ስለሚጎዱ ነው።

መነሻው ከባሕር የሆነ እውነተኛ መድኃኒት ግን አለ፤ ሳይታራቢን ይባላል። ኬሚስቱ ቨርነር በርግማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካሪቢያን ባሕር ስፖንጅ ያገኛቸው ንጥረ ነገሮች መንገዱን ከፈቱ። ስፖንጅ አረም ሳይሆን እንስሳ ነው። መድኃኒቱ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1969 ሲሆን፣ ዛሬ በፋብሪካ ተሠርቶ ለደም ካንሰር ይሰጣል። አሠራሩ ለሶማሌ ተራ ሰው አይከብድም፦ ኦርጅናሉን መስሎ ዲኤንኤው ውስጥ ይገጥምና ግልበጣውን ያስቆማል። መጠኑ በልጁ ሰውነት ልክ ይሰላል፤ ደሙም በየጊዜው ይመረመራል።

ይህ ማለት ዕፅዋት ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተውም አልተዉትም፤ በቤተ ሙከራና በመስክ ለዓመታት ፈተሹት።

አባትየው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔስ መቼ ያልታወቀ እቃ ሞተር ላይ አስገጥማለሁ!» አለን።

እናንተም እንዲህ ያለ ዱቄት ከደረሳችሁ ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ አሳዩት። የባሕር አረም አዮዲን በዝቶበት የእንቅርት ዕጢን ሊያውክ ይችላል። ቀድሞ ተሰጥቶት ከሆነም አትደብቁ፤ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። የተጀመረውን ሕክምና በራሳችሁ አታቋርጡ። ኪሞቴራፒ ላይ ያለ ልጅ ካተኮሰው ደግሞ «ይነጋል» ሳትሉ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።