የወሩ መድኃኒት

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አይደለም። ጩኸት ሳያሰማ በየቤቱ ተሸሽጎ የሚኖር ደዌም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻል። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የሚጥል በሽታና የልብ ሕመም እንደ ወባ ጥቂት ቀን መድኃኒት ተወስዶባቸው የሚሰናበቱ አይደሉም። ከሰው ጋር አብረው የሚኖሩ ናቸውና መድኃኒታቸውም ሳይቋረጥ አብሮ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው፣ ወር በገባ ቍጥር መድኃኒታቸውን ለማስሞላት ከአዊ ገጠሮች ወደ እንጅባራና ወደ ዳንግላ የሚወጡትን ሕሙማን ጕዳይ ነው።

የገጠር ሕመምተኛ በማለዳ ተነሥቶ፣ ከፊሉን መንገድ በእግሩ፣ ከፊሉን በባጃጅ ተጕዞ ከተማ ይደርሳል። ካርድ ለማውጣት ይሰለፋል፤ ከሐኪም ዘንድ ይሰለፋል፤ በመጨረሻም በመድኃኒት መስጫው መስኮት ይሰለፋል። በአገራችን በብዙ የመንግሥት ጤና ተቋማት እንደሚሆነው፣ ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ «የለም፤ ከውጭ ግዙ» የሚል መልስ የሚሰማበት ቀን አለ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከአንዱ ቢያጣ ወደ ሌላው የከነማ ወይም የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤት ያቀናል። የዳንግላና የእንጅባራ ሰው ግን ምርጫው ጥቂት ነው፤ ወይ ከግል መድኃኒት ቤት በውድ መግዛት፣ ወይ ወደ ባሕር ዳር መሄድ፣ ወይም ባዶ እጅን ወደ ቤት መመለስ። ጕዳቱ የሚጀምረው በዚህ በሦስተኛው ነው።

ስለምን እንዲህ ይሆናል? የመንግሥትን የመድኃኒት ግዥና ሥርጭት እንዲመራ በአዋጅ ቍጥር 553/1999 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ይባላል፤ በባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ያላቸውን ቈጥረው የሚያስፈልጋቸውን የሚጠይቁት በየሁለት ወሩ ነው። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች በመንግሥትና በለጋሾች ወጪ ለሕመምተኛው በነፃ ይሰጣሉ። የደም ግፊትንና የስኳርን መድኃኒት ግን ጤና ተቋሙ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ሽጦ፣ በተሸጠው እንደገና ይገዛል። እንግዲህ ገንዘቡ ሲያጥር መደርደሪያው ይራቈታል።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የአዊ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ነበር። የመድኑ ዓላማ መልካም ነው፤ ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ዓመቱን ይታከማል። ነገር ግን የመድኑ ክፍያ ለጤና ተቋሙ ሲዘገይ መድኃኒት መግዣው ይጠፋል፤ መድኃኒቱም ሲጠፋ መድን የገባው ሰው ዳግመኛ ከኪሱ ይከፍላል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዶችን እየዘጋ መድኃኒቱንም ሕመምተኛውንም አስቀርቷል።

መፍትሔው ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጤንነታቸው የተረጋጋ የኤች አይ ቪ ሕሙማን የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲወስዱ ተደርጓል። በዓመት ብዙ ጊዜ ይመላለስ የነበረው ሰው ሁለት ጊዜ ብቻ ይመጣል፤ ሰልፉም ያጥራል፤ ሐኪሙም ለጸናበት ሕመምተኛ ጊዜ ያገኛል። የደም ግፊቱ የተረጋጋ ገበሬ ከዚህ በምን ያንሳል? ለእርሱም የሦስት ወር መድኃኒት ቢሰጠው፣ መንገድ የተዘጋበት ሳምንት የሕይወቱ አደጋ ባልሆነ ነበር። ኃላፊነት ያለባቸው ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባው ይህ ነው።

እስከዚያው ድረስ የቤተ ሰብ ድርሻ አለ። አንደኛ፣ የመጨረሻው ፍሬ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ አሥር ቀን ሲቀረው ፍለጋ ጀምሩ። ሁለተኛ፣ የአለቀውን ማሸጊያ ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ። አንድ መድኃኒት በልዩ ልዩ ስምና መልክ ይሸጣልና፤ አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት 5 ሚሊ ግራምም 10 ሚሊ ግራምም አለው። ሳይጠይቅ የለወጠ ሰው እጥፍ ሊውጥ ይችላል። ሦስተኛ፣ መድኃኒቱን ለማብቃቃት አትክፈሉ፤ ከጎረቤትም አትበደሩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ልቡ በቍርጥማት ትኩሳት የተጐዳ ልጅም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ቀኑ ሊያልፍበት አይገባም። አራተኛ፣ ኢንሱሊን ከምድጃና ከፀሐይ ይራቅ፤ በረዶም አይሁን። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እርጥብ አሸዋ በያዘ የሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ያኑረው።

በጾም ወራትም ሆነ ጠበል በሚገባበት ጊዜ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም፤ አስቀድሞ ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር መመካከር ይሻላል።

ደግሞም ማኅበርና ዕድር ያለው ሕዝብ ብቻውን አይደለም። በማኅበሩ ቀን «የማን መድኃኒት ሊያልቅ ነው?» ብሎ መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም። ወደ ከተማ የሚወርደው ጎልማሳ አቅመ ደካማዋን እናት ቢያደርስ፣ መንገድ የቆመ ቀንም ማሸጊያዋን ይዞ ቢፈልግላት፣ የሞተ ከመቅበር የሚበልጥ ዕድር ይሆናል።