ከውርጌሳ ሐዋሳ፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ መልእክቶች ዞረው ዞረው አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋሉ። ሩቅ አገር ሥራ ተገኝቷል፤ ልሂድ ወይስ ልቅር? አንዱ ወልዲያ የሚያስተምር ነው፤ ጅማ ያለ የግል ትምህርት ቤት ጠርቶታል። አንዷ መርሳ ከግብርና ኮሌጅ ወጥታ ሥራ ስትጠብቅ የቆየች ናት፤ አርባ ምንጭ ካለ የሙዝ እርሻ ተደውሎላታል። ጥያቄው እዚህ ውርጌሳ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ የምሠራው እኔም ቤት ገብቷል። ሐዋሳ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል ለላብራቶሪ ክፍሉ ሰው ፈልጎ ፈተነኝ፣ አለፍኩ፣ አሁን መልሴን እየጠበቀ ነው። ብዙ አውጥቼ አውርጄ ወስኛለሁ። ውሳኔዬ ለሁላችሁም ላይሆን ይችላል፤ የደረስኩበት መንገድ ግን ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ለእናቴ የነገርኳት ማታ ቡና ላይ ነው። ደመወዙን አልጠየቀችኝም። «እዚያ ማን አለህ?» አለችኝ። ከዚያ ሲኒውን አስቀምጣ ስለ አጎቷ ማውራት ጀመረች።

አጎቷ በ1977 ወደ ወለጋ ከተወሰዱት አንዱ ነው። ታሪኩን የወረዳችን የሐብሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በየቤቱ አንድ የሄደ ሰው አለና። ድርቁ ወሎን ባራቆተበት ዘመን ደርግ ስድስት መቶ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እያነሳ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። ከግማሽ በላዩ የወሎ ሰው ነበር። ወዶ የሄደ አለ፤ እህል ይታደላል ተብሎ ከተሰበሰበበት በመኪና ተጭኖ የሄደም አለ። ፓዌ የሰፈሩት መንደራቸው እንኳ ስም አልወጣለትም፤ ዛሬም መንደር 7፣ መንደር 14 እየተባለ በቁጥር ይጠራል። ያም ሆኖ ሰዎቹ ጫካ መንጥረው፣ ወባውን ችለው፣ ልጅ ወልደው አገር አደረጉት። ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ፣ ቶሌ ቀበሌ የተጨፈጨፉት በብዛት የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ከወለጋ ከተፈናቀሉት ብዙዎች አያቶቻቸው ወደ ተነሱበት ወሎ ተመለሱ፤ የገቡት ግን ቀዬአቸው ሳይሆን እንደ ሐይቅ አጠገቡ ጃሪ ያለ መጠለያ ጣቢያ ነው። ወሎን አይቷት የማያውቅ ወጣት በወሎ ተፈናቃይ ተብሎ ሸራ ሥር ሲኖር በዓይናችን አየን። ይህን ያየች እናት ልጇ ደቡብ እሄዳለሁ ሲላት ብትደነግጥ ማን ይፈርድባታል?

እኔም ፍርሃቷን አላጣጣልኩትም። ጃሪ ከነበሩ አንድ አባት ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ግን አንድ ነገር ገባኝ። እሳቸውን የጎዳቸው የወለጋ መራቅ አይደለም። ኑሯቸው በሙሉ የቆመው ተሸክመውት ሊነሱ በማይችሉት ነገር ላይ ነበር፦ በመሬቱ፣ በቡና ተክሉ፣ በከብቱ። መሬቱን የሰጣቸው ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙን ያወጣው መንግሥት ሲወድቅ ከጎረቤት ጋር ያለው ውል ማን እንደሚያጸናው አልታወቀም። ሐብሩ ውስጥ ጥለውት የሄዱት ቁራሽ መሬት ደግሞ ለሌላ ተሰጥቷል። እዚያ የያዙት ሲነጠቅ እዚህ የሚጠብቃቸው አልነበረም። ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ በእሳቸው ላይ የተፈጸመ ነው።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ራሴን ሁለት ነገር ጠየቅኩ። እዚያ የምተዳደርበትን ነገር ይዤው መነሳት እችላለሁ? መመለስ ቢያስፈልገኝ የምገባበት ቤት ይቆየኛል?

ለመጀመሪያው መልሴ አዎ ነው። የእኔ እንጀራ ያለው ዓይኔና እጄ ላይ ነው። የደም ስላይድ አዘጋጅቶ፣ በጊምሳ አቅልሞ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር ወባውን መለየት ውርጌሳም ሐዋሳም አንድ ነው። ክፉ ቀን ቢመጣ ዲፕሎማዬንና የሙያ ፈቃዴን በኪሴ ይዤ በመጀመሪያው መኪና እወጣለሁ። ነርስ፣ መምህር፣ ኤሌክትሪሺያን፣ መካኒክ፣ ልብስ ሰፊ ለሆናችሁም እንዲሁ ነው። ያለውን በሬ ሸጦ ሩቅ ገጠር መሬት ተከራይቶ ሊያርስ ያሰበ ወንድሜ ግን ደጋግሞ ያስብ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ በየትኛውም ቦታ ሠርቶ የማደር መብት ሰጥቶታል። በገዛ አገሩ ለሥራ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ መግባት አልነበረበትም። ይህን ስጽፍ ውስጤ ይቃጠላል። ነገር ግን ልጅ ያላት እናት በአንቀጽ አትጽናናም፤ ስሌቱን መሥራት ግድ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። የሚነገራችሁ ደመወዝ እጃችሁ የሚገባው አይደለም። ለምሳሌ 20,000 ብር ተባላችሁ እንበል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው፤ ከዚያ እያደገ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። 20,000 ብር ላይ ግብሩ 4,950 ብር ይሆናል። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ 1,400 ብር ነው። የሚተርፋችሁ 13,650 ብር ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አንሱ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል፤ በየከተማው ሥራ ላይ የሚውለው ግን ክልሎቹ በሚወስኑት መሠረት ስለሆነ ያላችሁበት ከተማ ምን እንደሚሠራ ቀድማችሁ ጠይቁ። ምግብ፣ ታክሲ፣ ለቤት የሚላክ፣ ለበዓል መመላለሻ ጨምሩ።

ከዚህ ጎን ደግሞ እዚህ የማትከፍሉበትን ጻፉ። እኔ የምኖረው በአባቴ ቤት ነው። ጤፉ ከማሳችን፣ ሽሮው ከእናቴ እጅ፣ ፓፓያና ብርቱካኑ ከጓሮ ነው። ይህ ሁሉ ደመወዜ ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ ሐዋሳ ስገባ ግን እያንዳንዱ በብር ይገዛል። ሁለቱን ዓምድ ጎን ለጎን ስጽፍ ትርፉ መጀመሪያ ከመሰለኝ ከግማሽ በታች ሆነ። ቢሆንም አለ። ከሁሉ በላይ እዚህ ያላየሁት መሣሪያ እዚያ አለ፤ ከዚያ የምማረው ሙያ ከብሩ ይበልጥብኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ውርጌሳ ያለችው ደሴን ከወልዲያ በሚያገናኘው አስፋልት ላይ ነው። ከዚህ ደሴ ይኬዳል፤ ከደሴ አዲስ አበባ 400፣ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መንገድ ሰላም ሲሆን በሁለተኛው ቀን ይደረሳል። ግን ያየነውን እናውቃለን። በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ውርጌሳ ላይ ነበር፤ ወልዲያም ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ውስጥ ነበረች። ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ መኪና የለም። ያኔ አዲስ አበባና ሐዋሳ የነበሩ ልጆቻችን እናታቸው በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቁ ወራት አሳለፉ። በክልሉ ሌላ ግጭት ከበረታበት ከነሐሴ 2015 ወዲህም መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ እስከ ሐራ ገበያ የታሰበው 390 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ሥራ ቢጀምር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር፤ እስካሁን መንገደኛ አልጫነም።

እናም «ቢያማት እደርሳለሁ» የሚለውን ቃል ለእናቴ ልሰጣት አልቻልኩም። ልሰጣት የምችለው ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜን አስቀምጠን ተነጋገርን፤ ማሳው በእሱ እጅ ይሆናል፣ ለሌላ ሰው የእኩል አይሰጥም፣ አንድም ነገር አይሸጥም። ከዚያ ወደ ቅሬያችን ሄድኩ። የወሎ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቅሬ መዋጮ ብቻ አይደለም፣ ሰው ሲሞት መቃብር ላይ መቆም ነው፣ ማስተዛዘን ነው። ዝም ብሎ የጠፋ ሰው ቤተሰቡ ክፉ ቀን ሲገጥመው አንገቱን ይደፋል። ለቅሬው ዳኛ በግልጽ ነገርኳቸው፦ እሄዳለሁ፣ ቦታዬን ወንድሜ ይሸፍናል፣ መዋጮዬ በስሜ ይቀጥላል። ሽማግሌዎቹ ዱአ አደረጉልኝ። እናቴ ፊቷ የተፈታው ያን ቀን ነው። ደመወዙን ብነግራት ኖሮ እንዲያ አይፈታም ነበር።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ ከመሥሪያ ቤት የሥራ ልምድና ክሊራንስ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ የፋይዳ መታወቂያ ያዙ። ፋይዳ በመላው አገሪቱ ይሠራል፤ የቀበሌ ነዋሪነትን ግን አይተካም። ለዚያ ከቀበሌ መልቀቂያ ይጠየቃል። እኔ የሙከራ ጊዜዬ እስኪያልቅ መልቀቂያ አላወጣም፤ እናንተም አትቸኩሉ። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁ እዚያ በየትኛው ቋንቋ እንደሚማር ሳትጠይቁ አትነሱ።

ውሳኔዬ ይኸውና፦ እሄዳለሁ። አሁን ግን አይደለም። ከመስከረም እስከ ኅዳር የእኛ ቆላ የወባ ወቅት ነው፤ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ታቅፋ የምትመጣ እናት ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ተሰልፋ እያለች ስላይድ የሚያነብላት ሰው አሳጥቻት አልወጣም። ሆስፒታሉን ታኅሣሥ ድረስ እንዲጠብቀኝ ጠይቄ ተስማምቷል። ኢንሻ አላህ ታኅሣሥ ላይ ብቻዬን እነሳለሁ፤ ዓመት ሲሞላ ቆጥሬ አያለሁ።

ለማን አትሂዱ እላለሁ? እዚያ አንድም የሚያውቀው ሰው ሳይኖረው በደላላ ቃል ብቻ ለሚነሳ። ቤቱን ነቅሎ፣ በሬውን ሸጦ ለሚሄድ። በባቲ በአፋር አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ለሚያስብ ደግሞ ከዚህ የበረታ ቃል ቢኖረኝ እናገር ነበር። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸው የእኛ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውን የገቡትን ተቀብለናል።

ከሐብሩ ወጥታችሁ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ አዳማ፣ አርባ ምንጭ ላላችሁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ ሰው ሲደውልላችሁ የቤት ኪራዩን እውነተኛ ዋጋ ንገሩት፤ የከበዳችሁንም አትደብቁት። ሲመጣም ቤት እስኪያገኝ ድረስ አስጠጉት። የእናቴን «እዚያ ማን አለህ?» መመለስ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ያላችሁበትን ከተማ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከሚጠይቁኝ ጋር አገናኛችኋለሁ።