ያውቁ ኖሯል? የውሻን የልብ ትል በወር አንድ ክኒን መከላከል ይቻላል

▪ የልብ ትልን ከውሻ ወደ ውሻ የምታዛምተው ትንኝ ናት። በንክሻዋ የገቡት እጮች በ6 ወር ገደማ አድገው በልብና በሳንባ የደም ሥሮች ውስጥ ይሰፍራሉ። ሴቷ ትል እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ከ5 እስከ 7 ዓመትም ትኖራለች።

▪ ወርሃዊው ክኒን የሚሠራው ወደ ኋላ ነው። ዛሬ የተሰጠው መድኃኒት የሚገድለው ባለፉት ሳምንታት የገቡትን እጮች እንጂ ነገ የሚገቡትን አይደለም። እጮቹ ባደጉ ቁጥር መድኃኒቱ እነሱን መግደል ይከብደዋል፤ ስለዚህ ወር አይዝለሉ።

▪ በወር ከሚሰጡት መከላከያ መድኃኒቶች አንዱ አይቨርሜክቲን ነው፤ መነሻው በጃፓን አፈር ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለውሾች ተፈቀደ። በዚያው ዓመት የመድኃኒቱ አምራች መርክ ኩባንያ የሰውን ዓይን ለሚያሳውረው የኦንኮሰርካ በሽታ በነጻ እንደሚሰጠው አስታወቀ፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም ለብዙዎች ታድሏል። ተመራማሪዎቹ ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋሩት በዚሁ ግኝት ነው።

▪ ከ7 ወር በላይ የሆነው ውሻ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ደሙ ይመርመር። ትሉ አስቀድሞ ካለበት ክኒኑ አደገኛ የሰውነት መቆጣት ሊያስከትል ይችላል።

▪ ያደገውን ትል ለመግደል አርሴኒክ ያለበት መርፌ ያስፈልጋል፤ ውሻውም ለወራት ከሩጫ ይታቀባል። መከላከሉ እጅግ ይቀላል።

ማሳሰቢያ፦ ለከብት የተዘጋጀ አይቨርሜክቲን ለውሻ አይስጡ፤ መጠኑ ስለሚበዛ ሊገድለው ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።