ከውሻ ጋራ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ በመንገድ መካከል ስለሚገባ የዕረፍት ቀን

የቀድሞ ሰዎች ረዥም መንገድ ለመሄድ ባሰቡ ጊዜ ከስንቁ ጋራ የሚያርፉበትንም ቀን አስቀድመው ይቈጥሩ ነበር። ነጋዴው የበቅሎዎቹ ጀርባ እንዳይቈስል ጭነቱን አራግፎ፥ ሣር ካለበትና ውሃ ከማይርቅበት ስፍራ ይሰፍር ነበር። ከብቱ ደክሞ ቢወድቅ ጭነቱ ሁሉ ከመንገድ ይቀራልና፥ ዕረፍቱ ከርኅራኄው በላይ የሒሳብ ነገር ነበረ። በኦሪትም ሕግ የሰንበት ዕረፍት ለባለቤቱና ለአገልጋዩ ከዚያም ለከብቱ ጭምር መታዘዙ የታወቀ ነው።

ዛሬ በበቅሎ ፈንታ አውቶሞቢል ተተክቷል። አውቶሞቢል ነዳጁን እስካገኘ ድረስ ደከመኝ ስለማይል፥ በውስጡ የተቀመጡትም ሁሉ እንደ እርሱ የማይደክሙ ይመስላል። ነገር ግን የነጂው ዓይን ይፈዛል፤ ሕፃናቱ ይሰለቻሉ፤ ከኋላ የተጋደመውም ውሻ ድካሙን በቃል ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ውሾቹን ይዞ ወደ አዳማና ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚወርድ ቤተ ሰብ፥ የዕረፍት ቀኑ እንዴት ሊሆን እንደሚገባ ጥቂት ነገር እናስረዳለን።

ቤትን ይዞ መጓዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ግድም ጐንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት በነበሩት ዘመናት፥ የነገሥታቱ ከተማ ብዙውን ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወር የድንኳን ከተማ ነበረ። አሁን በሌላው ዓለም መኝታውና ማብሰያው በአውቶሞቢሉ ውስጥ የተሠራለት ቤተ ሰብ ልጆቹንና ውሾቹን ይዞ ለሳምንታት ይዞራል። በእኛም አገር ከውጭ በምድር የሚመጡ ጐብኝዎች እንዲህ ያለውን ባለ መኝታ አውቶሞቢል ይዘው ይታያሉ። ድንኳንና ምንጣፍ ጭኖ የሚወጣ የአገራችን ቤተ ሰብም ሥራው ከዚህ የራቀ አይደለም።

አዳማ ራስዋ ከመንገድ ጋራ ያደገች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ በመንገዱ ካሉት ጣቢያዎች አንዱ በእርስዋ ነበረ። በዚያን ዘመን ባቡሩ የሚሄደው በቀን ስለ ነበር፥ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ይጓዝ ነበር፤ የአዋሽ ጣቢያ ሆቴልም ስሙ የታወቀው ስለዚህ ነው። አሁን በመስከረም 2007 ዓ.ም. የተመረቀው ፈጣን መንገድ ከአዲስ አበባ አዳማ ድረስ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲሱም የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። መንገዱ ባጠረ መጠን የማረፍ ልማድ ቀርቷል።

ሆኖም መንገዱ ቢያጥር ቍልቍለቱ አልተለወጠም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አዳማ ግን ወደ 1,700 ሜትር ነው። ማለዳ ከብርድ የተነሣ ውሻ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከቆላማ ሙቀት ይገባል። ሰው ሙቀት ሲበዛበት በሰውነቱ ሁሉ ላብ ያወጣል፤ ውሻ ግን በእግሩ መዳፍ ካልሆነ በቀር እምብዛም አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው አፉን ከፍቶ በማለክለክ ነው። በዙሪያው ያለው አየር ከጋለ ደግሞ ማለክለኩ አይረዳውም።

ከሁሉ የሚከፋው ቤተ ሰቡ ምሳ ለመብላት ወይም ለመታጠብ ሲወርድ ውሻውን በተዘጋ አውቶሞቢል ትቶ መሄድ ነው። በፀሐይ የቆመ አውቶሞቢል ውስጡ በአንድ ሰዓት ከውጭው አየር ይልቅ በ20 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል፤ ከዚህም የሚበዛው የሚደርሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮቱን ጥቂት ከፈት ማድረግም ብዙ አያድንም። እንግዲህ የውጭው ሙቀት 28 ዲግሪ ቢሆን የውስጡ ከ45 ዲግሪ ሊያልፍ ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ግድም ሲሆን፥ ከ41 ዲግሪ ካለፈ ሕይወቱን ያሰጋዋል። ውሻው አብዝቶ ሲያለከልክ፥ ለሐጩ ሲዝረበረብና እግሩ ሲንገዳገድ ከታየ፥ ፈጥኖ ወደ ጥላ ወስዶ ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ማራስና ማራገብ፥ ከዚያም ለእንስሳት ሐኪም ማድረስ ይገባል። ስለዚህ የዕረፍቱ ቀን ለሰውም ለውሻም ካልሆነ፥ ዕረፍት ሊባል አይቻልም።

የዕረፍቱ ስፍራ ብዙ ነው። ሶደሬ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ የፍል ውሃና የትልልቅ ዛፎች ጥላ አለው። ወደ ሐይቆቹ የሚሄድ ደግሞ ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ፥ በመቂና ቀድሞ ዝዋይ በተባለችው በባቱ በኩል አድርጎ፥ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከላንጋኖ ይደርሳል። የትም ቢሆን ስፍራውን ከመያዝ በፊት ባለቤቱ ውሻ ያስገባ እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ጨዋነት ነው። የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግን የዱር አራዊት መጠበቂያ ስለ ሆነ ውሻን ይዞ መግባት አይገባም።

ቀኑም እንዲህ ቢከፈል መልካም ይሆናል። ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ውሻውን በማሰሪያው ይዞ በእግር ማንሸራሸር፤ አስፋልቱ ከጋለ በኋላ ግን የእግሩን መዳፍ ያቃጥለዋልና መተው ነው። ረፋድ ላይ ነጂው የጎማውን ነፋስ፥ ዘይቱንና ውሃውን ይመርምር፤ እመቤቲቱ ስንቁን ታስተካክል፤ ልጆቹም ከግራር ሥር ተቀምጠው ከውሻው ጠጕር መዥገር ይልቀሙ፥ ይልቁንም ከጆሮውና ከእግሩ ጣቶች መካከል። እኩለ ቀን ሲሆን ሁሉም በጥላ ይተኛ። ሲመሽ ደግሞ ውሻው ጥቂት ተንሸራሽሮ በቤቱ የለመደውን ምግብ ይብላ፤ ምግብ በመንገድ መለወጥ ሆዱን ያውከዋል።

ስለ ውሃ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዋሽና የቆቃ ሐይቅ አዞና ጉማሬ አለባቸው። ውሻ ውሃ ባየ ጊዜ ሮጦ የመግባት ጠባይ አለው፤ ልጅም ውሻውን ተከትሎ ይሮጣል። ስለዚህ ከወንዝ ዳር ማሰሪያውን የሚይዝ ትልቅ ሰው ይሁን። የሚጠጣውንም ከቤት ባመጡት ሳሕን መስጠት ይሻላል።

የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ገና አልጠፋም። ሰው አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየበት በኋላ ለመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። በመንደርና በገበያ የሚዞሩ ውሾች ብዙ ስለ ሆኑ፥ ለጕዞ የሚወጣ ውሻ ከመነሣቱ ከአንድ ወር በፊት ክትባቱን የጨረሰ መሆን አለበት። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ2071ኛው አንቀጽ፥ እንስሳው በድንገት ከእጁ አምልጦ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። በእንግድነት አገር፥ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽርና ከመስጊድ ደጅ ውሻን ማራቅም የአገሩን ሰው ማክበር ነው።

ከአዳማ በአሰላ በኩል ወደ ባሌ ሊያልፍ የሚያስብ ቤተ ሰብ ይህን አብልጦ ያስብ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አውሬ ነው፤ ለአቅመ መውለድ የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ሲሆን፥ እኩሌታ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ1984 ዓ.ም. ግድምና ደግሞ በ1996 ዓ.ም. ግድም ከመንደር ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ከእነርሱ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ውሻውን ከቆላው ለሚጠብቅለት ሰው አደራ ሰጥቶ ወደ ተራራው ያለ ውሻ መውጣት ይገባል።

በመጽሐፈ ጦቢት፥ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ ረዥም መንገድ በሄደ ጊዜ ውሻው አብሮት እንደ ሄደ ተጽፎ እናገኛለን። ውሻ መንገዱን አልመረጠም፤ ጌታውን ብቻ ተከተለ። መንገዱን የመረጠው ሰው ጥላውን፥ ውሃውንና ዕረፍቱን ሊያስብለት ዕዳ አለበት። ይህን የፈጸመ ቤተ ሰብ በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ቢነሣ፥ ነጂው ዓይኑ የነቃ፥ ልጆቹ የታደሱ፥ ውሻውም ከበሩ ሥር ቆሞ ጅራቱን የሚወዘውዝ ሆኖ ያገኘዋል።