የ40 ዶላሩ ሽቶ ከ300ው ምን ያንሰዋል?

ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ሽቶ አይጠፋም። ወጣት ወንዶች በስም እየጠሩ ከሚያስመጧቸው አንዱ ‹አርማፍ› የተባለው የኤምሬትስ ምርት ‹ክለብ ደ ኑዊ ኢንቴንስ› ነው። ተፈላጊ ያደረገው፣ ክሪድ የተባለው የፓሪስ ሽቶ ቤት በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ‹አቬንተስ› መምሰሉ ነው። አቬንተስ 100 ሚሊ ሊትሩ ከ300 ዶላር በላይ ያወጣል፤ አርማፉ 105 ሚሊ ሊትር ሆኖ በ40 ዶላር ግድም ይገኛል። ልዩነቱ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መምሰል ወንጀል ነው እንዴ? በ2006 የፈረንሳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሽቶ ጠረን በቅጂ መብት እንደማይጠበቅ ወሰነ፤ በዚያው ዓመት የኔዘርላንድስ አቻው ተቃራኒውን አለ። የሌላውን ስም ለጥፎ መሸጥ ግን የትም ቢሆን ማጭበርበር ነው። ፎርጂድ የምንለው እሱን ነው።

ወደ ጠረኑ እንምጣ። አቬንተስ ሲረጭ የበሰለ አናናስ ይሸታል። አርማፉ ግን መጀመሪያ ላይ ሎሚው ይበረታል፣ አፍንጫም ይወጋል፤ ብዙ ሰው ‹አይረባም› ብሎ የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ይታገሡት። ሎሚው ሲተን ከሥሩ የበርች ዛፍ ጭስ ብቅ ይላል፤ ወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ ለምናውቅ ሰዎች ባዕድ ጠረን አይደለም። ያኔ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ። በቆይታም አርማፉ አያሳፍርም። እንደኔ 260 ዶላሩ የሚከፈለው ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ልስላሴና ለስሙ ነው።

ራስዎ ለመመዘን ሱቅ ውስጥ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አንጓዎ ላይ ይርጩ። አይሹት። ወዲያው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላና ከሦስት ሰዓት በኋላ ያሽትቱ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩ ቤት ያሉትንም ያስፈርዱ፤ የአያቶች አፍንጫ ለዋጋ አያዳላም። ቆዳዎ ከቀላ ወይም ካሳከከዎ ይተዉት።

አስም ያለበት ልጅ ወይም አዛውንት ባሉበት ቤት ግን ውዱም ርካሹም እኩል ነው፤ ልጅዎ ሽቶውን መኝታ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ደጅ ወጥቶ ይርጨው፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል።

ሲገዙ በካርቶኑና በጠርሙሱ ሥር ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን ያስተያዩ። ርካሹም ሲወደድ ፎርጂድ ይወጣለታል።