ትጋትና ማስተዋል በቆላው ሐሩር



በአሶሳ አካባቢ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያሉት ወራት ከሁሉ ይሞቃሉ። ቁልቁል ወደ ኩርሙክ ሲወረድ ሐሩሩ ይበረታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ስደተኞች የገቡት በዚሁ በኩርሙክ በኩል ነው።

ከደጋ ወርዶ ሊረዳቸው የሚመጣ ሠራተኛ ሁሉ ይህን እንዲያውቅ እናሳስባለን፦ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራው ቀለል ይበል። ቁፋሮና እህል ማከፋፈል በማለዳ ይጀመር፤ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በጥላ ሥር ይታረፍ። ውሃም ጥም ሳይመጣ ይጠጣ።

ራስ ምታት፣ ማዞርና ብዙ ላብ የታየበትን ሰው በጥላ አሳርፉት፤ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ አጠጡት። ንግግሩ ከተዘበራረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ለሕይወቱ ያሰጋል። በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወዲያው ውሃ እያፈሰሳችሁበትና እያራገባችሁለት ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት።

ዕረፍት ስንፍና አይደለም። ኤልያስ እንኳ በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ፣ በልቶና ጠጥቶ ነው ጉዞውን የቀጠለው። በቆላ የሚያገለግሉትን በጸሎታችሁ አስቡአቸው።