በወንድና በሴት መካከል ላሉ ሰዎች የተሠሩ ሰንደቆችና የቀለማቸው ትርጉም

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ከወንድም ከሴትም ነን ወይም ከሁለቱም አይደለንም የሚሉ ሰዎች በውጭ አገር ለራሳቸው ያወጧቸውን ሰንደቆች ማስረዳት ነው። ከዚያም የቀለሞቹን ትርጉም በመካነ ሰላምና በጠቅላላው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ከሚታወቀው የስምና የቀለም ልማድ ጋር እናነጻጽራለን። የምንመረምረውም ጥያቄ ቀለም በራሱ ይናገራልን ወይስ ሰው ያናግረዋል? የሚለው ነው።

1. በአማርኛ ያሉት ስሞች

አማርኛ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። የወንድ ጠባይና አካሄድ ያላትን ሴት ወንዳወንድ፣ የሴት አነጋገርና አካሄድ የሚታይበትን ወንድ ሴታሴት ይላል። ሲወለድ የሁለቱም ጾታ ምልክት በአካሉ ላይ ያለበትን ፍናፍንት ይለዋል። ወንዳገረድ የሚለው ቃል ደግሞ ወንድንና ገረድን ያጣመረ ነው፤ ገረድ እዚህ ላይ ልጃገረድ በሚለው ስም ውስጥ ያለውን የጥንት ትርጉሙን ይዟል እንጂ የቤት ሠራተኛ ማለት አይደለም።

ሳይመን ሜሲንግ የተባለው የሕዝብ ኑሮ ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ለፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ስለ ደጋው አማራ ጥናት እንዲህ ያሉትን ሰዎች ጠቅሷል፤ ሕዝቡም እንደ ተፈጥሮ ጉድለት እየቈጠረ ይታገሣቸው እንደ ነበር ጽፏል። በደቡብ ኢትዮጵያም በማሌ ሕዝብ ዘንድ አሽቲሜ የሚባሉ፣ የሴት ልብስ የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ወንዶች እንደ ነበሩ ዶናልድ ዶንሃም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጧል።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የአካል አፈጣጠር ነው፤ ሁለተኛው ጠባይና አለባበስ ነው፤ ሦስተኛው ሰው ስለ ራሱ የሚሰማው ነው። ወንዳገረድ የሚለው ስም ሦስቱንም በአንድነት ስለሚጠቀልልና ለስድብም ስለሚውል የሚጎዳው ሰው አለ። ለምሳሌ፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ከልደት ጀምሮ ሲታወክ የሴት ሕፃን አካል ወንድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከዚሁ በሽታ አንደኛው ዓይነት የሰውነትን ጨው አስወጥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ወላጆች ስሙን ፈርተው ሕፃኑን ከሐኪም ቢሸሽጉ በመድኃኒት የሚድነው ልጅ ይሞታል ማለት ነው።

2. ሰንደቆቹ

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ጊልበርት ቤከር በ1978 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ተመሳሳይ ጾታ ለሚያፈቅሩ ሰዎች የሠራው ባለ ስምንት ቀለም ሰንደቅ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም ትርጉም ሰጥቶት ነበር፤ ቀዩ ሕይወት፣ ቢጫው የፀሐይ ብርሃን፣ አረንጓዴው ተፈጥሮ ነው። በኋላ ቀለሞቹ ወደ ስድስት ወረዱ።

በወንድና በሴት መካከል ነን ለሚሉት ማሪሊን ሮክሲ በ2011 እ.ኤ.አ. ሊላ፣ ነጭና አረንጓዴ ሰንደቅ አዘጋጀች። በምዕራባውያን ልማድ ሰማያዊ የወንድ፣ ሮዝ የሴት ቀለም ስለ ሆነ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ የሚወጣው ሊላ የሁለቱን ጾታ መቀላቀል ያመለክታል። ነጩ ከጾታ ውጭ ለሆኑት፣ አረንጓዴው የሊላ ተቃራኒ ስለ ሆነ ከሁለቱም ለማይመደቡት ነው። ካይ ሮዋን በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሰንደቅም ሐምራዊው የሁለቱን ድብልቅ፣ ቢጫው ከሁለቱ ውጭ መሆንን፣ ነጩ ብዙነትን፣ ጥቁሩ ጾታ አለመኖርን ያመለክታሉ።

ሞርጋን ካርፐንተር ግን በ2013 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ለፍናፍንቶች ሰንደቅ ሲሠራ ሌላ መንገድ ያዘ። ሮዝንና ሰማያዊን ሆነ ብሎ ተወና በቢጫ መደብ ላይ ሐምራዊ ክብ አደረገ። ክቡ ያልተሰበረና ሙሉ ነው፤ ሰውየውም የሁለት ግማሾች ድምር ሳይሆን ራሱ ሙሉ ነው ለማለት ነው።

3. በአገራችን ያለው የቀለም ልማድ

የሊላው ትርጉም ለቦረና ገበሬ ግልጽ አይሆንለትም፤ ምክንያቱም በባላገሩ ልማድ ሰማያዊ ለወንድ፣ ሮዝ ለሴት የሚል ክፍፍል አልነበረም። በደጋው ልብስ ሴትን ከወንድ የሚለየው ከቀለሙ ይልቅ የልብሱ አሠራርና አለባበሱ ነው። ነጠላም ቢሆን በለቅሶ ጊዜ ጥለቱ ወደ ላይ ይዞራል፤ ቀለሙ ሳይለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል።

ቀስተ ደመናን ሕዝባችን የማርያም መቀነት ይለዋል። መቀነት የሴት ትጥቅ ስለ ሆነ ስሙ ራሱ የሴት ነው። በቡልጋሪያና በሰርቢያ ተረት ግን በቀስተ ደመና ሥር ያለፈ ሰው ጾታው ይለወጣል ይባላል። ቤከር ደግሞ ያንኑ ቀስተ ደመና ለሌላ ጉዳይ አዋለው።

የራሳችንም ሰንደቅ ዓላማ ምስክር ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በየዘመኑ ልዩ ልዩ ትርጓሜ ተሰጥቷቸዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 654 አረንጓዴውን ለሥራ፣ ለልምላሜና ለዕድገት፣ ቢጫውን ለተስፋ፣ ለፍትሕና ለእኩልነት፣ ቀዩን ለመሥዋዕትነትና ለጀግንነት ሰጥቶታል።

4. ማጠቃለያ

ከዚህ እንደምንረዳው ቀለም ትርጉሙን የሚያገኘው ከሚለብሱትና ከሚተረጉሙት ሰዎች ነው። ስለዚህ አንድ ቀለም በማየት ብቻ በሰው ላይ መፍረድ ስሕተት ነው። ይህም በአገራችን ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚያስቀጣው በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት ነው፤ ስለ አካል አፈጣጠርና ስለ አካሄድ አንቀጹ አይናገርም። ሕዝቡ ግን ሁሉን አንድ አድርጎ ሲያይ ፍናፍንት ሆኖ የተወለደውም፣ ድምፁ የቀጠነውም በአንድ ዓይን ይታያል።

ቋንቋችን ለዚህ አንድ ጥሩ ነገር አለው። ና ወይም ነይ ሳንል መናገር ቢያስቸግረንም፣ አንቱ ስንል ግን ወንድና ሴት አይለይም፤ የሚታየው ክብሩ ብቻ ነው። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ያሉ ተማሪዎች ከቦረናና ከሳይንት ሽማግሎች፣ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም፣ የቀለሞችንና የእነዚህን ስሞች አነጋገር ቢሰበስቡ ለጥናቱ ትልቅ ርዳታ ይሆናል። ሲሰበስቡም ቃሉን ይመዝግቡ እንጂ የሰውየውን ስምና መንደር አይጻፉ።